ውሻን በትእዛዝና በጉርሻ ማሠልጠን፦ ስለ ትክክለኛው ቅጽበትና ስለማይጎዳ ምግብ

ውሻውን ለማሠልጠን የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ትእዛዙ ነው፤ በየትኛው ቃል ልዘዘው፣ ድምፄን ምን ያህል ላጠንክር፣ ስንት ጊዜ ልድገምለት ይላል። ለውሻው ግን ቃሉ መጀመሪያ ላይ ምንም ትርጉም የሌለው ድምፅ ነው። ትርጉም የሚያገኘው ድምፁን ተከትሎ አንድ ነገር ሲያደርግና ያደረገው ነገር ወዲያውኑ ጥሩ ነገር ሲያስገኝለት ነው። ስለዚህ ሥልጠናው የሚሰምረውም የሚበላሸውም በአብዛኛው ጉርሻው ከእጅ በሚወጣበት ቅጽበት ነው። ውሻ የሚማረው ልናስተምረው ያሰብነውን ሳይሆን ጉርሻው ሲደርሰው ያደርገው የነበረውን ነው። ተቀምጦ ሳለ ያልተሰጠውና ተነሥቶ ሲዘል የተሰጠው ውሻ የተማረው መዝለልን ነው፤ ባለቤቱ ምንም ያህል «ተቀመጥ» ቢል ይህን አይለውጠውም።

ይህ ከልምድ ብቻ የመጣ አባባል አይደለም። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት፣ በሳጥን የተዘጋባቸው ድመቶች ገመድ በመሳብ ወይም መርገጫ በመጫን ወጥተው ምግብ ሲያገኙ፣ በየሙከራው ለመውጣት የሚፈጅባቸው ጊዜ ቀስ በቀስ እያጠረ እንደሚሄድ አሳይቷል። ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል፣ ያላስከተለው ይከስማል የሚለው መርሕ የተወሰደው ከዚያ ነው። ስለ ምግብ መፈጨት ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ደግሞ ውሾቹ ምግቡ ገና ሳይቀርብላቸው፣ መምጣቱን የሚያመለክት ነገር ባዩ ወይም በሰሙ ቁጥር ምራቃቸው እንደሚፈስ አስተውሏል። በቤት ውስጥ የሚደረገው ሥልጠና ሁለቱንም ይጠቀማል፤ ከፓቭሎቭ ምልክቱን፣ ከቶርንዳይክ ውጤቱን ይወስዳል።

ከትእዛዝ በፊት የሚቀድም አንድ ቃል

ጉርሻውን በትክክለኛው ሰከንድ ወደ ውሻው አፍ ማድረስ አስቸጋሪ ነው፤ እጅ ወደ ከረጢት ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ውሻው ሌላ ነገር ጀምሮ ይሆናል። ይህን ክፍተት የሚሞላው አንድ አጭር የምስጋና ቃል ነው። «ጎሽ» ለዚህ በጣም ይመቻል፤ አጭርና ጥርት ያለ ነው። ክሊከር የሚባለውን ጠቅ የሚል ትንሽ መሣሪያ የሚመርጡም አሉ፤ ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን አንድ እጅ ይይዛል።

ቃሉን ለማለማመድ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ አሥር ወይም አሥራ አምስት ጥቃቅን ጉርሻዎች ያዘጋጁ። ውሻው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። «ጎሽ» ይበሉና በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ጉርሻ ይስጡት፤ ጥቂት ቆይተው ይድገሙት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ቃሉ ከመነገሩ በፊት እጅ ወደ ከረጢቱ መንቀሳቀስ የለበትም። ውሾች ከድምፃችን ይልቅ አካላችንን በንቃት ስለሚከታተሉ፣ እጁ ቀድሞ ከተንቀሳቀሰ የምግብ ምልክት የሚሆነው እጁ ነው፣ ቃሉም ከንቱ ይቀራል። ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ ሳለ «ጎሽ» ሲባል ፊቱን ወደ እርስዎ መለስ ካደረገ ቃሉ ገብቶታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ጎሽ» የተባለ ሁሉ ጉርሻ ሊከተለው ይገባል፤ በስሕተት እንኳ ቢያመልጥዎ ይስጡት፣ አለበለዚያ ቃሉ ዋጋ ያጣል።

የትእዛዝ ቃላትን በተመለከተ የቤቱ ሰው ሁሉ አስቀድሞ መስማማት አለበት። አባት «ና»፣ ልጅ «እዚህ»፣ እናት «ነይ» የሚሉ ከሆነ ውሻዋ ሦስት ድምፆችን ለየብቻ መማር ይኖርባታል። ቃላቱ በድምፅ ቢራራቁም ይመረጣል። «ተኛ» እና «ተው» ሁለቱም አጫጭርና በአንድ ድምፅ የሚጀምሩ በመሆናቸው ከሩቅ ሲነገሩ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ለመተኛት «ጋደም» የሚለውን መርጦ «ተው»ን ለክልከላ ብቻ ማስቀረት ይሻላል። «ተቀመጥ»፣ «ቆይ»፣ «ና» እና «ልቀቅ» ግን እርስ በርሳቸው በቂ ልዩነት አላቸው።

ሥልጠናው በአንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ቢቆይ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜም ቢደረግ ይበቃል። ውሻው ጠግቦ በተኛበት ሰዓት ሳይሆን ከመብሉ በፊት ይጀመር፤ ገና እየፈለገ ሳለም ይቁም። ቡችላ ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ይህን ሁሉ መማር ይችላል። ክትባቱን እስኪጨርስ ድረስ የማይታወቁ ውሾች በሚመላለሱበት መሬት ላይ ማውረድ አደጋ ስላለው፣ የመጀመሪያዎቹን ትምህርቶች ቤት ውስጥ መስጠቱ ጊዜው እንዳይባክን ያደርጋል።

ተቀመጥ

ጉርሻውን በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች መካከል ይያዙና ከውሻው አፍንጫ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ብቻ አርቀው ያቅርቡለት። አፍንጫው እጅዎን መከተል ሲጀምር፣ እጅዎን ቀስ ብለው ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ወደሚያልፍ መስመር ይውሰዱት። ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሲቀና መቀመጫው በራሱ ወደ መሬት ይወርዳል። መቀመጫው ወለሉን እንደነካ «ጎሽ» ይበሉ፣ ጉርሻውንም እንደተቀመጠ አፉ ድረስ ወስደው ይስጡት፤ ከፍ አድርገው ከያዙት ለመቀበል ይነሣል፣ የተከፈለውም ለመነሣቱ ይሆናል።

ነገሩ ካልተሳካ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ በእጅ አመራር ላይ ነው። ውሻው የሚዘል ከሆነ እጁ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል። ወደ ኋላ እየተራመደ የሚሸሽ ከሆነ እጁ ፈጥኗል፤ ይህ ከቀጠለ ጀርባውን ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ክፍሉ ጥግ አድርገው ይጀምሩ። መቀመጫውን በእጅ ተጭኖ ማስቀመጥ ግን አይገባም፤ ውሻ ሲጫኑት መልሶ ይገፋል፣ የቡችላ መገጣጠሚያም ገና አልጠነከረም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሱ አስቦ ያላደረገውን ነገር አይማረውም።

አምስት ስድስት ጊዜ ከተሳካ በኋላ ምግቡን ወደ ሌላው እጅ ያዛውሩና በባዶው እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ያድርጉ። ሲቀመጥ «ጎሽ» ይበሉትና ከሌላው እጅ ይስጡት። ይህ እርምጃ ከተዘለለ ምግብ ካላየ የማይታዘዝ ውሻ ይፈጠራል፤ «ውሻዬ የሚሰማኝ ምግብ ስይዝ ብቻ ነው» የሚለው የተለመደ ቅሬታ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ቃሉ የሚገባው ውሻው የእጅን ምልክት አይቶ ያለማመንታት መቀመጥ ከለመደ በኋላ ነው። «ተቀመጥ» ይበሉ፣ አንድ ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፣ ከዚያ የእጅ ምልክቱን ያሳዩ። ቃሉና ምልክቱ በአንድ ጊዜ ከመጡ ውሻው የሚከታተለው ምልክቱን ብቻ ነው። ቃሉ ቀድሞ ሲመጣ ግን ከጥቂት ድግግሞሽ በኋላ እጁን ሳይጠብቅ መቀመጥ ይጀምራል፤ ትእዛዙን ተማረ የሚባለውም ያኔ ነው። ቃሉን አንድ ጊዜ ብቻ ይናገሩ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ፣ ኧረ ተቀመጥ!» የሚባል ውሻ በሦስተኛው ላይ መቀመጥን ይማራል፤ ለእርሱ ትእዛዙ ሦስቱም ቃላት ናቸው። አንዴ ተነግሮት ካልተቀመጠ፣ ጥቂት ራመድ ብለው ቦታ ይቀይሩና እንደ አዲስ ይጀምሩ።

«ጋደም» ከዚሁ የሚቀጥል ነው። ከተቀመጠበት ጉርሻውን ከአፍንጫው ወደ ሁለቱ የፊት እግሮቹ መካከል በቀጥታ ወደ ታች ያውርዱ፣ ከዚያም በወለሉ ላይ ቀስ ብለው ወደ ራስዎ ይሳቡት፤ ሁለቱም ክርኖቹ መሬት ሲነኩ «ጎሽ» ይባላል።

ቆይ እና ና

«ቆይ» ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይይዛል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ እርስዎ ምን ያህል እንደሚርቁና በዙሪያው ምን ያህል የሚያዘናጋ ነገር እንዳለ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማክበድ ሥልጠናውን ያበላሻል። ከፊቱ ሳይርቁ በአንድ ሰከንድ ይጀምሩ፤ ወደ ሦስት፣ ወደ አምስት፣ ወደ አሥር ሰከንድ ያሳድጉት። አንድ እርምጃ መራቅ ሲጀምሩ ጊዜውን መልሰው ያሳጥሩት። ጉርሻው ሁልጊዜ ውሻው ባለበት ይሰጥ፤ ማለትም እርስዎ ወደ እርሱ ይመለሳሉ። ከሩቅ ጠርተው ከሰጡት ግን የተሸለመው መነሣቱ ነው፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ቀድሞ ይነሣል። ማብቂያውን የሚያውቅበት እንደ «በቃ» ያለ ቃልም ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ቆይታው መቼ እንዳለቀ የሚወስነው ራሱ ይሆናል።

አንድ ትእዛዝ ብቻ ለማስተማር ጊዜ ያለው ሰው «ና»ን ቢመርጥ እመክራለሁ። ወደ መኪና መንገድ የሚሮጥን ውሻ የሚመልሰው ይህ ቃል ነውና፣ ከሁሉም የጣፈጠው ጉርሻ ለእርሱ ብቻ ተለይቶ ሊቀመጥ ይገባል። ደንቡ አንድ ነው፤ «ና» ተብሎ የመጣ ውሻ ምንጊዜም ክፉ ነገር ሊያጋጥመው አይገባም። ለመታጠብ፣ ጥፍሩን ለመቆረጥ፣ ለመታሰር ወይም ለመቆጣት ሲፈለግ ሄዶ ማምጣት እንጂ በዚህ ቃል መጥራት አይገባም። ሃያ ጊዜ ተጠርቶ በመጨረሻ የመጣ ውሻ ምንም ያህል ቢያናድድ ሲመጣ መቆጣት፣ የተቀጣው በመቅረቱ ሳይሆን በመምጣቱ እንዲሆን ያደርጋል። መናፈሻ ውስጥ ሲጫወት «ና» የሚባለው ወደ ቤት ለመሄድ ብቻ ከሆነም ቃሉ የጨዋታ ማብቂያ ይሆናል፤ ስለዚህ ደጋግመው ይጥሩት፣ ይሸልሙትና መልሰው ወደ ጨዋታው ይልቀቁት።

ልምምዱ ከቤት ውስጥ ከጥቂት እርምጃ ርቀት ይጀምርና ወደ ታጠረ ግቢ፣ ከዚያም ከአምስት እስከ አሥር ሜትር በሚደርስ ረጅም ገመድ ወደ ውጭ ይውጣ። ገመዱ እንዳይሸሽ ለመከላከል ነው እንጂ ለመጎተት አይደለም። ሲመጣ አንድ እጅ የአንገት ቀበቶውን ቀስ ብሎ ይንካ፣ ሌላው ይስጠው፤ ይህ ካልተለመደ ጉርሻውን መንትፎ ከእጅ የሚያመልጥ ውሻ ይሆናል። ከሸሸ ደግሞ አያባርሩት። መባረር ለውሻ ጨዋታ ስለሆነ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ እየጠሩት ቢሮጡ ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ ይከተላል።

ተው እና ልቀቅ

ተራ ጉርሻ በጡጫዎ ውስጥ ይያዙና ጡጫውን ለውሻው ያቅርቡ። ይልሳል፣ በጥርሱ ይነካካል፣ በእግሩ ይቧጭራል፤ ምንም ሳይናገሩ ይጠብቁ። አፍንጫውን ለቅጽበት እንኳ ከእጁ ፈቀቅ ሲያደርግ «ጎሽ» ይበሉና ከሌላው እጅ የተሻለ ጉርሻ ይስጡት። የተከለከለውን ራሱን ፈጽሞ አይስጡት፤ «ተው» የተባለው ነገር ትንሽ ከጠበቁ የሚገኝ ሊመስለው አይገባም። ጡጫውን ማየት ብቻ ወደ ኋላ እንዲል ሲያደርገው ቃሉን ያስገቡ፤ ከዚያ እጁን ከፍተው፣ ቀጥሎ ምግቡን ወለል ላይ አድርገው በጫማ ለመክደን ዝግጁ ሆነው ይለማመዱ።

«ልቀቅ» የሚማረው በልውውጥ ነው። አፉ ውስጥ የያዘውን ጥሎ የተሻለ ነገር ያገኛል፣ ጎጂ ካልሆነም የጣለው ይመለስለታል። መንጋጋውን በኃይል ከፍተው የሚነጥቁት ውሻ ያገኘውን ፈጥኖ መዋጥን ወይም እያጉረመረመ መጠበቅን ይማራል።

ስለ ቅጣት ረጅም ነገር አልልም። የሚመታ ውሻ ሰውየውን ይፈራል፤ በማጉረምረሙ የሚቀጣ ውሻ ደግሞ ማጉረምረሙን ትቶ ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ መንከስ ሊሄድ ይችላል። ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ የተቀደደ ጫማ አይቶ ሲቆጣ፣ ውሻው ጆሮውን አጥፎ አንገቱን ሲደፋ «ጥፋቱን ያውቃል» ይባላል። ውሻው የሚያነበው የባለቤቱን ፊት ነው፤ ቁጣውን ከሰዓታት በፊት ከነበረው ጫማ ጋር አያገናኘውም። በሥልጠና መካከል ሳይደክመው የሚያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ የሚልስ፣ ፊቱን የሚያዞር ወይም የዓይኑ ነጭ የሚታይ ከሆነ ጭንቀት ላይ ነውና ቀለል ያለ ነገር አሠርተው፣ ሸልመው ያቁሙ።

ኩሽና ውስጥ በደንብ የሚቀመጥ ውሻ መንገድ ላይ እንዳልሰማ ቢሆን እልኸኛ ሆኖ አይደለም፤ ውሾች በአንድ ቦታ የተማሩትን በቀላሉ ወደ ሌላ አይወስዱትም። በእያንዳንዱ አዲስ ቦታ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ያስፈልጋል። በአንድ ቦታ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ያህል በመጀመሪያው ቃል የሚታዘዝ ከሆነ ግን ጉርሻውን ማሳሳት ይቻላል፤ ፈጣኑንና ቆንጆውን ይሸልሙ፣ ሌላውን በምስጋና፣ በጨዋታ ወይም በር በመክፈት ይለፉት። «ና» ከዚህ ቅነሳ ውጭ ነው።

የጉርሻው ምርጫ

ጉርሻ የአተር ፍሬ ቢያክል ይበቃል፤ ለትንሽ ውሻ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ለስላሳና ቶሎ የሚዋጥ ይመረጣል፤ ደረቅና ጠንካራው እስኪታኘክ ድረስ ሐሳቡ ይበተናል፣ ፍርፋሪውንም ከወለል ሲለቅም ትምህርቱ ይረሳል። ቤት ውስጥ የዘወትር ደረቅ ምግቡ ራሱ ሊያገለግል ይችላል። ውጭ፣ ሌሎች ውሾችና ሽታዎች ባሉበት ግን የተቀቀለ ዶሮ ዓይነት ጠንከር ያለ ማበረታቻ ያስፈልጋል።

ጉርሻዎች በጠቅላላ ከቀኑ የምግብ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጡ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክራሉ። በቀን 600 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ውሻ ይህ 60 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ቆዳ የሌለው የተቀቀለ የዶሮ ደረት ከሆነ በግምት 35 ግራም ይደርሳል። ያ በግማሽ ግራም ከተቆረጠ ሰባ ያህል ጉርሻ ይወጣዋል፣ ለሦስት አጫጭር ልምምዶችም ይተርፋል። የተሰጠው ያህልም ከመደበኛ ምግቡ ይቀነስ።

ያለ ጨው፣ ያለ ዘይትና ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ አጥንትና ቆዳ የወጣለት ዶሮ፣ ስብ የሌለው ሥጋ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቀጭን ሆኖ የተቆረጠ ካሮት፣ ፍሬውና እምብርቱ የወጣለት ፖም፣ የተቀቀለ ዱባና ስኳር ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ፍሬው የወጣለት ሐብሐብ ለአብዛኞቹ ጤነኛ ውሾች ይስማማሉ። ጉበትን ውሾች ለሽታው በጣም ይወዱታል፤ ቫይታሚን ኤ የበዛበት ስለሆነ ግን በጥቂቱ ብቻ ይሰጥ። አይብም ስብና ጨው ስላለው፣ አንዳንዶቹም የወተት ስኳር ስለማይፈጩ፣ አልፎ አልፎ ይሁን። የኩላሊት፣ የቆሽት ወይም የአለርጂ ችግር ላለበት ውሻ ይህ ዝርዝር ሳይሆን የሐኪሙ ቃል ይከበር።

ሊከለከሉ የሚገባቸውን በተመለከተ ምክንያታቸውን ማወቅ ጥንቃቄውን ያጠናክራል። ቸኮላት ውስጥ ያለውን ቲዮብሮሚን የውሻ አካል ከሰው አካል በጣም ዘግይቶ ስለሚያስወግደው፣ ማስመለስ፣ መቅበጥበጥ፣ የልብ ምት መፍጠንና መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ጥቁሩ ቸኮላትና የካካዎ ዱቄት ከሁሉም ይከፋሉ። ወይንና ዘቢብ ኩላሊትን በድንገት ሊያዳክሙ ይችላሉ፤ አንዱ ውሻ በልቶ ምንም ሳይሆን ሌላው በጥቂቱ ስለሚታመም «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን የለም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆኑ የበሰሉ ወይም በዱቄት መልክ፣ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበላሻሉ፤ ምልክቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ሊሆን ስለሚችል፣ የድድ መንጣትና ድካም ሲመጣ ከምግቡ ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። በወጥ ወይም በመረቅ የተነከረ ሥጋም ከዚሁ የተነሣ ለጉርሻ አይሆንም።

በጣም የሚያሳስበው ግን ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ነው። «ስኳር የለውም» በሚባሉ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች፣ በጥርስ ሳሙናና በአንዳንድ የለውዝ ቅቤዎች ውስጥ ይገኛል። በውሻ ላይ ኢንሱሊን በብዛት እንዲመነጭ ስለሚያደርግ የደም ስኳር በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንኳ ሊወርድ ይችላል፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። የለውዝ ቅቤ ለጉርሻ የሚጠቀም ሰው የማሸጊያውን ዝርዝር ሳያነብ አይስጥ። የጉርሻ ከረጢቱም ማስቲካ ከሚቀመጥበት ኪስ የተለየ ይሁን፤ በሥልጠና ጥድፊያ መካከል የወደቀውን ሁሉ የሚያነሣው ውሻው ነውና። ማካዴሚያ የሚባለው ለውዝ፣ ቡናና አልኮል፣ እርሾ ያለበት ያልተጋገረ ሊጥ፣ ሲታኘክ የሚሰነጠር የበሰለ አጥንት፣ የቆሽት ብግነት የሚያስነሣ የሥጋ ስብም ከዚሁ ይመደባሉ።

ውሻው ከእነዚህ አንዱን ከበላ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ የውሻውን ክብደት፣ የበላውን ነገርና መጠኑን፣ የበላበትንም ሰዓት ይንገሩ፣ ማሸጊያው ካለም ይዘውት ይሂዱ። ሐኪሙ ሳያዝ እንዲያስመልስ አያድርጉ። ጨው መስጠት ራሱን የቻለ መመረዝ ያመጣል፤ በሚንገዳገድ ወይም በሚንቀጠቀጥ ውሻ ላይ ደግሞ ትውከቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጉርሻ አንቆት የሚታገል ከሆነ አፉን ከፍተው ይመልከቱ፤ የሚታይና በቀላሉ የሚያዝ ከሆነ ያውጡት፣ ካልታየዎት ግን ጣትዎን ወደ ውስጥ አይስደዱ፤ የተቀረቀረውን ወደ ጥልቅ ሊገፋው ይችላል።